የምድር ማግኔት ወሰንና ምስክሮቹ

ወሰን ሲባል በብዙዎቻችን ዐሳብ የሚመጣው የተተከለ ድንጋይ፣ የቆመ ዛፍ ወይም የሚወርድ ወንዝ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገርለት ወሰን ግን ድንጋይም ዛፍም የለውም። ከምድራችን ወደ ፀሐይ አቅጣጫ 65,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፥ ዓይን የማያየው፥ ቀንም ሌሊትም በአንድ ስፍራ የማይረጋ ወሰን ነው። ከዚህ ወሰን ወዲህ የምድር ማግኔት ይገዛል፤ ከዚያ ወዲያ ከፀሐይ የሚነፍሰው ነፋስ ይገዛል። ወሰኑ በሊቃውንት ቋንቋ ማግኔቶፖዝ ሲባል፥ በውስጡ ያለው የምድር ማግኔት ግዛት ማግኔቶስፌር ይባላል። ይህ ወሰን ፈጽሞ የተዘጋ ነው ወይስ በር አለው? የሚለው ጥያቄ ብዙ ዐዋቂዎችን ለብዙ ዓመታት አከራክሯል። ክርክሩ እንዴት እንደ ተነሣና በምን ምስክር እንደ ተፈረደ ለአንባቢ መግለጽ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ገና ወጣት ጸሐፊ ሆኜ በአንድ ወረዳ ስሠራ ሁለት ገበሬዎች በወሰን ተካሰው ነበር። ወሰናቸው ወንዝ ነው፤ ወንዙ ግን በየክረምቱ መውረጃውን ይለውጣል። አንድ ሽማግሌ ቀርበው «ውሃው እግሬ ድረስ ደርሶ ነበር» ብለው መሰከሩ። ዳኛውም «አባቴ፥ ወንዙ ወደ እርስዎ መጣ ወይስ እርስዎ ወደ ወንዙ ወረዱ?» ብለው ቢጠይቋቸው ሽማግሌው መልስ አጡ። ነገሩ የተፈረደው በዚያው ዕለት በወንዙ ዳር በሌላ ስፍራ ቆሞ የነበረ ሁለተኛ ምስክር ከተገኘ በኋላ ነው። ስለ ጠፈር መንኰራኵሮች ሥራ ባነበብሁ ቍጥር ይህ ክርክር ትዝ ይለኛል፤ ምክንያቱንም አንባቢ ወደ ፊት ያየዋል።

የነገሩ መነሻ የኮምፓስ መርፌ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት በ1600 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ምድር ራስዋ ትልቅ ማግኔት ናት ብሎ ጻፈ። በ1741 ዓ.ም. ደግሞ በስዊድን አገር በኡፕሳላ ከተማ አንደርስ ሴልሲየስና ኦሎፍ ሂዮርተር የተባሉ ሊቃውንት፥ አውሮራ የተባለው የሰሜን ብርሃን በሰማይ በታየ ጊዜ የኮምፓስ መርፌ ሲናወጥ አዩ። በለንደን ሆኖ መርፌ ይጠብቅ የነበረው ጆርጅ ግራሃምም በዚያው ጊዜ መናወጡን መዝግቦ ተገኘ። ይህን ያህል በተራራቁ ሁለት ከተሞች መርፌው በአንድ ጊዜ ከተናወጠ፥ ነገሩ በአንድ ሰፈር ያለ ብረት ያመጣው ሳይሆን ከላይ የመጣ መሆን አለበት። ከዚያም ሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን በፀሐይ ፊት ላይ ድንገተኛ ነጭ ብርሃን ሲፈነጥቅ ተመለከተ። 18 ሰዓት ያህል ቢያልፍ በዓለም ሁሉ ያሉ መርፌዎች ተናወጡ፥ የቴሌግራፍ መስመሮችም ታወኩ። እንግዲህ ከፀሐይ ተነሥቶ፥ በመንገድ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ፥ ምድርን የሚመታ ነገር አለ ማለት ነው። ምን ይሆን?

በ1930 እና በ1931 ዓ.ም. ሲድኒ ቻፕማንና ተማሪው ቪንሴንት ፌራሮ ለዚህ ጥያቄ የሚደነቅ መልስ ሰጡ። ከፀሐይ የሚወጣው ነገር፥ አሉ፥ ጋዝ ቢሆንም ተራ ጋዝ አይደለም፤ አቶሞቹ ተሰብረው ኤሌክትሮኖቹ ለብቻ፥ የቀሩት ክፍሎች ለብቻ የሚጓዙበት፥ ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ ሽቦ የሚያሳልፍ ጋዝ ነው። ዛሬ ፕላዝማ የምንለው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ ጋዝ ወደ ምድር ማግኔት ሲቀርብ በፊቱ ላይ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይነሣል፤ ይህም ሞገድ የምድርን ማግኔት ወደ ውጭ እንዳይዘልቅ ያግደዋል፥ ወደ ውስጥ ግን ያበረታዋል። ስለዚህ የፀሐይ ጋዝ ምድርን ከብቦ ሲያልፍ በመካከሉ ዋሻ የሚመስል ባዶ ስፍራ ይተዋል፤ ምድርም ከነማግኔትዋ በዚያ ዋሻ ውስጥ ትቀመጣለች። ሁለቱ ሰዎች በወረቀትና በእርሳስ ብቻ፥ ማንም ያላየውን ወሰን በሰማይ ላይ አሰመሩ። እነርሱ ግን ጋዙ የሚመጣው አልፎ አልፎ፥ ፀሐይ ስትታወክ ብቻ ይመስላቸው ነበር።

ቻፕማን ከዚያ በኋላም ከዚህ ታሪክ አልተለየም። ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 ዓ.ም. የተደረገውን ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት የመራው ልዩ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት እርሱ ነበር። አዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያዋን ያገኘችው ለዚሁ ዓመት በተደረገው ዝግጅት ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመውን ይህን ጣቢያ ለብዙ ጊዜ የመሩት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። ስፍራው በከንቱ አልተመረጠም። የምድር ማግኔት ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ፥ ከምድር በላይ በ100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈስሳል። ለዚህ ሞገድ በ1951 ዓ.ም. ስም ያወጣለት ቻፕማን ራሱ ነው። የፀሐይ ነፋስ ድንገት በርትቶ ሩቁን ወሰን ወደ ምድር በገፋ ጊዜ፥ በቀን ከሆነ፥ በማግኔት ወገብ አጠገብ ያሉ መሣሪያዎች ከሌላው ቆላ አገር ይልቅ አጕልተው ይመዘግቡታል። እንግዲህ 65,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ወሰን ሲገፋ አራት ኪሎ አጠገብ የተቀመጠ መርፌ ይሰማዋል ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰው ሠራሽ ሳተላይቶች ወደ ሰማይ የወጡትም በዚሁ ዓለም አቀፍ ዓመት ውስጥ ነው። በ1958 ዓ.ም. አሜሪካዊው ዩጂን ፓርከር ከፀሐይ የሚወጣው ጋዝ አልፎ አልፎ ሳይሆን ያለ ማቋረጥ በየአቅጣጫው የሚነፍስ ነፋስ ነው ብሎ ጻፈ። ጽሑፉን እንዲመረምሩ የታዘዙት ሁለት ዐዋቂዎች አይታተም አሉ። የመጽሔቱ አዘጋጅ የነበረው ሱብራማኒያን ቻንድራሴካር ግን እርሱም ዐሳቡን ባይወደውም በስሌቱ ላይ ስሕተት ስላላገኘበት እንዲታተም ፈቀደ። የጽሑፍ አዘጋጆች ሁሉ ይህን ምሳሌ ቢያስታውሱ መልካም ነበር። በ1959 ዓ.ም. የሶቪየት መንኰራኵር ሉና 2፥ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቬኑስ የተላከው የአሜሪካ መንኰራኵር ማሪነር 2 ነፋሱን በመሣሪያ አገኙት። ፍጥነቱ በሰኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብዛቱ ግን እጅግ ስስ ነው፥ በምድር አጠገብ በአንድ የስፌት ጣት ማጥለቂያ ውስጥ የሚገኘው ቅንጣት በጣት የሚቈጠር ነው። ማግኔቶስፌር የሚለውን ስም ቶማስ ጎልድ ያወጣው በ1959 ዓ.ም. ነው።

ወሰኑን ራሱን ለመፈለግ የተላኩት ኤክስፕሎረር በተባለ ስም የሚጠሩ መንኰራኵሮች ናቸው። ኤክስፕሎረር 10 ማርች 25 ቀን 1961 ዓ.ም. ተልኮ ሁለት ቀን ያህል ብቻ ወሬ አቀበለ። ከምድር ጎን በኩል እየራቀ ሲሄድ ፕላዝማውን አንድ ጊዜ ያገኘዋል፥ አንድ ጊዜ ያጣዋል። በዚያው ዓመት ኦገስት 16 ቀን የተላከው ኤክስፕሎረር 12 ግን ወደ ፀሐይ ፊት ለፊት ወጥቶ አራት ወር ለሚጠጋ ጊዜ እየተመላለሰ ለካ። የማግኔት መለኪያውን የያዘው ሎሬንስ ካሂል ነበር። በዚያ ከፍታ የምድር ማግኔት በምድር ወገብ ላይ ካለው 500 ጊዜ ያህል ያነሰ፥ 60 ናኖቴስላ የሚጠጋ ነው። መንኰራኵሩ እየራቀ ሲሄድ ማግኔቱ በሥርዓት እየቀነሰ ይመጣና፥ ወደ ወሰኑ ሲቃረብ ከሚጠበቀው እጥፍ ያህል ሆኖ ይገኛል፤ ቻፕማንና ፌራሮም የተናገሩት እንዲሁ ነበር። ከዚያም በድንገት ኀይሉ ይወድቃል፥ አቅጣጫውም ይዘበራረቃል። በወረቀት የተሰመረው ወሰን ከሠላሳ ዓመት በኋላ በእውን ተገኘ።

ወሰኑ በተገኘበት ዓመት ስለ ጥብቅነቱ ክርክር ተነሣ። በ1961 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጄምስ ደንጊ ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ወሰኑ የተዘጋ አይደለም አለ። የዐሳቡን መንገድ ለመረዳት አንድ ነገር መያዝ ያስፈልጋል። የማግኔት ኀይል መስመሮች የምንላቸው ነገሩን ለማቅለል በዐሳብ የሚሠመሩ እንጂ በእጅ የሚዳሰሱ ክሮች አይደሉም፤ ነገር ግን ፕላዝማ ወደ ሄደበት ይከተላሉ። ክር የገባበት ሊጥ ሲሳብ ክሩም አብሮ እንደሚሳብ፥ የፀሐይ ነፋስም የፀሐይን የማግኔት መስመሮች ይዞ ይመጣል። የምድር መስመሮች በወሰኑ ፊት ለፊት ወደ ሰሜን ያመለክታሉ። ከፀሐይ የመጡትም ወደ ሰሜን ቢያመለክቱ ሁለቱ ጎን ለጎን ተጋፍተው ይተላለፋሉ። ወደ ደቡብ ያመለከቱ እንደ ሆነ ግን፥ ተቃራኒዎቹ መስመሮች በተነካኩበት ስፍራ ይቆረጡና የፀሐዩ ግማሽ ከምድሩ ግማሽ ጋራ ይጋጠማል። ይህ ዳግም መጋጠም በተደረገ ጊዜ አንድ ጫፉ በምድር ዋልታ፥ ሌላው ጫፉ በፀሐይ ነፋስ ውስጥ ያለ መስመር ይፈጠራል፤ የነፋሱም ቅንጣትና ጉልበት በእርሱ ላይ ወደ ውስጥ ይገባል።

ይህ የዐዋቂዎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጥቀስ። ማርች 13 ቀን 1989 ዓ.ም. ከፀሐይ በመጣ ማዕበል ምክንያት በካናዳ የኬቤክ ክፍለ ሀገር የኤሌክትሪክ መስመር ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ወደቀ፤ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ያለ መብራት ቀረ። ወሰኑ ምንም የማያሳልፍ ግንብ ቢሆን ኖሮ ፀሐይ የምታደርሰው ጉዳት እጅግ ባነሰ ነበር። በሩ የት እንዳለና መቼ እንደሚከፈት ማወቅ እንግዲህ የሚጠቅም ዕውቀት ነው።

ደንጊን የሚያግዝ ማስረጃ ቶሎ መጣ። በ1966 ዓ.ም. ዶናልድ ፌርፊልድና ካሂል የኤክስፕሎረር 12ን መዝገብ መርምረው፥ ከወሰኑ ውጭ ያለው ማግኔት ወደ ደቡብ ባመለከተ ጊዜ በምድር ዋልታ አጠገብ ያሉ መርፌዎች እንደሚታወኩ አሳዩ። ይህ ግን በሩን ማየት ሳይሆን በሩ ተከፍቶ እንደ ነበረ በቤት ውስጥ ከገባው አቧራ መገመት ነው። ተቃዋሚዎቹም ንድፈ ዐሳቡ እውነት ከሆነ መስመሮቹ በተጋጠሙበት ስፍራ ፕላዝማው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ሲስፈነጠር መታየት አለበት፤ እርሱ የት አለ? ብለው ይጠይቁ ነበር። ጥያቄው ቅን ነበር። መንኰራኵሮቹ ወሰኑን አቋርጠው ሲያልፉ የተባለውን ፈጣን ፍሰት አላገኙም ነበር።

ችግሩ ከሁለት ወገን ነበር። አንደኛው፥ የዚያን ጊዜ የፕላዝማ መለኪያዎች አንድ ልክ ለመውሰድ ብዙ ጊዜ ይፈጅባቸው ስለ ነበር፥ በጥቂት ሰኮንድ የሚያልፈውን ነገር ሊይዙ አይችሉም። ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው። ወሰኑ እንደ ነፋሱ ብርታት ወደ ምድር ይገፋል፥ ወደ ውጭም ይመለሳል፤ ፍጥነቱም በሰኮንድ በዐሥር የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንኰራኵሩ ግን በዚያ ከፍታ በሰኮንድ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ይጓዛል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ መንኰራኵሩ ወሰኑን አላቋረጠም፤ ወሰኑ መንኰራኵሩን አቋረጠው እንጂ። በመዝገቡ ላይ ማግኔቱ ለአንድ ደቂቃ ተለውጦ ቢታይ፥ ወሰኑ ወደ ኋላና ወደ ፊት ተወዛውዞ ነው? ወይስ እውነተኛ አዲስ ነገር በአጠገቡ አልፎ ነው? ብቸኛው ምስክር ይህን መለየት አይችልም። የሽማግሌው ነገር እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

መድኃኒቱ ሁለተኛ ምስክር ማቆም ሆነ። ኦክቶበር 22 ቀን 1977 ዓ.ም. የአሜሪካው የጠፈር መሥሪያ ቤት ናሳና የአውሮጳ የጠፈር ድርጅት አይ.ኤስ.ኢ.ኢ. 1 እና 2 የተባሉ ሁለት መንኰራኵሮችን በአንድ ሮኬት አስነሡ። ሁለቱ በአንድ መንገድ ተከታትለው ይጓዛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት የታወቀ ሲሆን እንደ ተፈለገ ሊሰፋና ሊጠብብ ይችላል። ወሰኑ አንዱን ከነካበት እስከ ሁለተኛው እስኪደርስ ያለው ጊዜ ከተለካ ፍጥነቱ ይታወቃል፤ ፍጥነቱ ከታወቀ ውፍረቱ ይታወቃል። በዚህ መንገድ ወሰኑ በመቶዎች የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ውፍረት እንዳለው ተገኘ። የዚህን ቀላልነት ባሰብሁ ቍጥር እገረማለሁ፤ ከዐሥራ ስድስት ዓመት ሙግት በኋላ ያስፈለገው ሁለተኛ መሣሪያና አንድ ማካፈል ብቻ ነበር።

በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ የማግኔት መለኪያውን ሥራ የሚመራው ክሪስቶፈር ረስልና አብሮት የሚሠራው ሪቻርድ ኤልፊክ፥ ኖቬምበር 8 ቀን 1977 ዓ.ም. የተመዘገበውን ሲመረምሩ አንድ ትንሽ ምልክት አዩ። መንኰራኵሮቹ ገና ወደ ወሰኑ እየቀረቡ ሳለ፥ ማግኔቱ መጀመሪያ ከወሰኑ ወደ ውጭ፥ ወዲያው ደግሞ ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል፤ በመካከሉም ብርታቱ ይጨምራል። ሁሉም በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ያበቃል። ተራ ሰው ቢያየው በወረቀት ላይ የተሳበ መሥመር እጅ ስቶ የተወዛወዘ ይመስለዋል። ቀደም ያሉ መንኰራኵሮች መዝገብ ውስጥም ይህን የመሰለ ነበር፤ ወሰኑ ተወዛውዞ ነው ተብሎ ታልፎ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች ግን አላለፉትም። ምልክቱ በሁለቱም መንኰራኵሮች ላይ ታየ። የወሰኑ መወዛወዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዱ ወደ ውጭ ወጥቶ ሌላው በውስጥ ሲቀር በተለየ ነበር፤ የታየው ግን እንዲህ አልነበረም። በምልክቱም መካከል የፀሐይ ነፋስ ቅንጣቶችና የምድር ቅንጣቶች ተደባልቀው ተገኙ። ነገሩን በቤታችን ምሳሌ ልግለጸው። ሕፃን ልጅ በተዘረጋ ጋቢ ሥር እየዳኸ ቢያልፍ፥ በላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ልጁን አያየውም፤ ጋቢው ግን ከፊቱ ከፍ፥ ከኋላው ዝቅ ሲል ያያል። በማግኔቱ መስመሮች ሥር ያለፈው «ሕፃን» የተጠቀለለ የማግኔት መስመሮች ገመድ ነበር፤ ስፋቱ የምድርን ግማሽ ውፍረት የሚያህል፥ አንድ ጫፉ ወደ ምድር፥ ሌላው ወደ ፀሐይ ነፋስ የተዘረጋ። ደንጊ የተናገረው ዳግም መጋጠም እንግዲህ በር ተከፍቶ እንደሚቆይ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው በድንገት ብልጭ እያለም ይደረጋል ማለት ነው። ረስልና ኤልፊክ ነገሩን በ1978 ዓ.ም. አሳትመው በማግስቱ ዓመት ስም ሰጡት፤ በአማርኛ «የማግኔት ኀይል የሚሻገርበት ድርጊት» ልንለው እንችላለን። በዚያው በ1978 ዓ.ም. ጌርሃርት ሄሬንደልና ባልደረቦቹ ሄኦስ 2 በተባለ መንኰራኵር መዝገብ ውስጥ የተመሳሰለ ነገር አግኝተው የኀይል መሸርሸር የሚል ስም ሰጥተውት ነበር፤ ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸው ቆይቶ ታወቀ።

የጠፋው ፈጣን ፍሰትም ተገኘ። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1978 ዓ.ም. እነዚሁ መንኰራኵሮች ወሰኑን ሲያልፉ፥ በሦስት ሰኮንድ አንድ ልክ የሚወስዱት አዲሶቹ መለኪያዎች ፕላዝማው በመቶዎች በሚቈጠር ኪሎ ሜትር ፍጥነት በወሰኑ ላይ ሲስፈነጠር ያዙት። ጎትስ ፓሽማንና ባልደረቦቹ ይህን በ1979 ዓ.ም. ባሳተሙ ጊዜ ወሰኑ ፈጽሞ ተዘግቷል የሚለው ወገን ብርቱ መሠረቱን አጣ።

ከዚያ በኋላ ብዙዎች መዝገብ እያገላበጡ ገመዶቹን ቈጠሩ። የሚታዩት በተለይ የነፋሱ ማግኔት ወደ ደቡብ ሲያመለክት እንደ ሆነ፥ በአማካይም በስምንት ደቂቃ ልዩነት እንደሚከታተሉ ተገኘ። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ምልክቱ ወደ ውጭ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ በስተደቡብ ተገላቢጦሽ ነው። ሕፃኑ ወደ የትኛው ወገን እንደሚድህ የጋቢው አነሣስ ነገረ ማለት ነው። የገመዱ አሠራር ግን አከራከረ። ረስልና ኤልፊክ እንደ ታጠፈ ክንድ ያለ ቧንቧ አድርገው ሣሉት። በ1985 ዓ.ም. ሊ እና ፉ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት መጋጠሙ በብዙ ትይዩ ስፍራዎች በአንድነት ሲደረግ በመካከላቸው የሚጠመጠም ገመድ ነው አሉ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ዴቪድ ሳውዝውድና ባልደረቦቹ፥ እንዲሁም ማንፍሬድ ሾለር፥ አንድ መጋጠሚያ ፍጥነቱ ሲለዋወጥ የሚያብጥ እብጠት ይበቃል ብለው ጻፉ።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረው ግን የዴቪድ ሲቤክ ተቃውሞ ነበር። እርሱ በ1990 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ ባሳተማቸው ጽሑፎች፥ የነፋሱ ግፊት ድንገት ሲለዋወጥ በወሰኑ ላይ የሚነሣ ማዕበል ተመሳሳይ ምልክት ሊሰጥ ይችላል፤ ከምትቈጥሯቸው ገመዶች ብዙዎቹ ማዕበል ናቸው አለ። አንዳንዶች በዚህ አዝነው እንደ ሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ተቃውሞው ለነገሩ ጠቅሟል ባይ ነኝ። ሁለት ምስክር በአንድ መስመር ላይ ቢቆም የማዕበልን ርዝመትና አቅጣጫ በሙሉ አይነግርም። አንድ የሚንቀሳቀስ ገጽ ወደ የት እንደሚሄድና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ለማወቅ፥ በአንድ ጠፍጣፋ ላይ ያልተደረደሩ አራት ምስክሮች ያስፈልጋሉ።

አራቱን ምስክሮች ያዘጋጀው የአውሮጳ የጠፈር ድርጅት ነው። ክላስተር የተባሉት አራት መንኰራኵሮች ብዙ ሰው ለብዙ ዓመታት የደከመባቸው ሲሆኑ፥ ጁን 4 ቀን 1996 ዓ.ም. አሪያን 5 በተባለው አዲስ ሮኬት የመጀመሪያ ጉዞ ላይ ተጫኑ። ሮኬቱ ከኩሩ ተነሥቶ 40 ሰኮንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከመንገዱ ወጥቶ ፈነዳ፤ ስብርባሪውም በረግረግ ላይ ወደቀ። ምክንያቱን የመረመረው ቦርድ ያገኘው ነገር ለማንኛውም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሚገባ ነው። ከቀድሞው ከአሪያን 4 ሳይለወጥ የተወሰደ አንድ የኮምፒዩተር ትእዛዝ ነበር። አዲሱ ሮኬት ከቀድሞው ይልቅ በጎን በኩል ፈጥኖ ስለሚሄድ ቍጥሩ ከተመደበለት ቦታ በለጠ፥ መሪው መሣሪያም ሥራውን አቆመ። ስሌቱ ደግሞ ሮኬቱ ከተነሣ በኋላ ምንም የማያስፈልግ ነበር።

ሊቃውንቱ ሐዘናቸውን አስወግደው ከተረፈው መለዋወጫ አንዱን መንኰራኵር መልሰው ሠሩ፥ ሦስቱንም አዲስ አሠሩ። ጁላይ 16 እና ኦገስት 9 ቀን 2000 ዓ.ም. ሁለት ሁለቱ በሶዩዝ ሮኬት ከባይኮኑር ተነሡ። ሩምባ፣ ሳልሳ፣ ሳምባና ታንጎ የሚል የጭፈራ ስም ወጣላቸው። አራቱ እንደ ባለ ሦስት ማዕዘን ድንኳን ተደራጅተው ወሰኑን ሲያልፉ፥ የገመዶቹን አቅጣጫና ፍጥነት በመገመት ሳይሆን በመለካት አገኙ። ማዕበሉም እውነት መሆኑ ታወቀ። ሂሮሺ ሃሴጋዋና ባልደረቦቹ በ2004 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ኖቬምበር 20 ቀን 2001 ዓ.ም. የነፋሱ ማግኔት ወደ ሰሜን ሲያመለክት፥ በወሰኑ ጎን ላይ እንደ ወንዝ አዙሪት የተጠቀለሉ ትላልቅ የፕላዝማ ማዕበሎች መታየታቸውን ገለጡ። የደቡቡ በር ሲዘጋ እንኳ ነፋሱ በጎን በኩል ሌላ መግቢያ አለው ማለት ነው። ስለዚህ ሲቤክም በከፊል እውነት ነበረው፥ እነ ረስልም እውነት ነበራቸው፤ ወሰኑ ገመድንም ማዕበልንም ያስተናግዳል። ሲቤክ ራሱ በኋላ፥ በ2007 ዓ.ም. ቴሚስ የተባሉ አምስት መንኰራኵሮች በተላኩ ጊዜ፥ በናሳ በኩል የሥራው ሳይንቲስት ሆኖ ገመዶቹን ከሚያጠኑት አንዱ ሆነ። በዚያው ዘመን ወደ ሜርኩሪ የተላከው ሜሴንጀር፥ በዚያች ትንሽ ዓለም ወሰን ላይ ተመሳሳይ ገመዶች በጥቂት ሰኮንድ ልዩነት እንደ በረዶ ዝናም እየተከታተሉ ሲያልፉ አገኘ።

የቀረው ክሩ የሚቆረጥበትን ስፍራ ራሱን ማየት ነበር። ስፍራው በጥቂት ኪሎ ሜትር የሚለካ ስለ ሆነ፥ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው የሚጓዙ መንኰራኵሮች ሳያዩት ያልፉታል። ናሳ በማርች ወር 2015 ዓ.ም. ኤም.ኤም.ኤስ. የተባሉ አራት መንኰራኵሮችን ላከ። እነዚህ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ተቀራርበው መጓዝ ይችላሉ፤ የኤሌክትሮኖችንም ልክ በሰኮንድ ውስጥ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ይወስዳሉ፥ ይህም ከቀድሞዎቹ መቶ እጥፍ ያህል የፈጠነ ነው። ኦክቶበር 16 ቀን 2015 ዓ.ም. በተቆራረጡት መስመሮች መካከል አለፉ። ጄምስ በርችና ባልደረቦቹ በ2016 ዓ.ም. ባሳተሙት ላይ ኤሌክትሮኖች ማግኔቱን ትተው ሲሄዱና ጉልበቱም ወደ እነርሱ ሲተላለፍ አሳዩ፤ ደንጊ ይህን ባሰበ ጊዜ የመጀመሪያው ሰው ወደ ጠፈር የወጣው በዚያው ዓመት ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ደግሞ መንኰራኵሮቹ በአንድ ገመድ መካከል አልፈው፥ ገመዱ አንድ ወጥ ሆኖ የተጠቀለለ ሳይሆን በውስጡም መስመሮች እርስ በርሳቸው እየተቆራረጡ ሲጋጠሙ አገኙ። ይህ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ከተሣሉት ሥዕሎች ጋራ በሙሉ የሚስማማ አይደለም፥ ክርክሩንም እንደ ገና ከፍቶታል።

አይ.ኤስ.ኢ.ኢ. 1 እና 2 በሴፕቴምበር ወር 1987 ዓ.ም. ወደ ምድር አየር ተመልሰው ነድደዋል። ከክላስተር አራቱ ሳልሳ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2024 ዓ.ም. ሰው በሌለበት በደቡብ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ወደቀ፤ ለሁለት ዓመት ሥራ ተብሎ ተልኮ ሃያ አራት ዓመት ቆይቶ ነበር።